መርዶ ማቆያ

በሰንበሌጥ ሜዳ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ማታ ወደ መኝታ ሕንፃው ሲገባ በሩ ላይ ወደተተከለችው ቱቦ አንድ ጊዜ እፍ ይላል። ቱቦዋ ምንም አትልም። ትንፋሹንና የልብ ምቱን በሚያነበው የልጁ አምባር ላይ ያለችው ትንሽ መብራት አረንጓዴ ካበራች ያልፋል፤ ቢጫ ካበራች ውሃ ይሰጠውና ከሰው ጋር ወደ ክፍሉ ይሸኛል፤ ቀይ ካበራች ከበሩ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ገብቶ ለሩብ ሰዓት ይመከራል። የምትመክረው ድምፅ ናት። አትቆጣም፣ አትሰብክም። «ባለፈው ሳምንት ስንት ጠጣህ? የክፍልህ ልጆችስ ስንት የጠጡ ይመስልሃል?» ትለዋለች። ልጁ አብዝቶ ይገምታል፤ እሷ እውነተኛውን ቁጥር ትነግረዋለች። አብዛኛው ልጅ ከዚያች ክፍል አፍሮ ነው የሚወጣው።

ደንቡ ሌላም ሌላም አለው። «በሞቴ» የሚለው ቃል በግቢው ውስጥ ከታገደ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ሰው በቃኝ ሲል «በሞቴ አንድ ድገም» ማለት በአንቀጽ ስድስት ጫና ይባላል፣ ያስጠይቃል። ከጀርባ በር ማዶ ያሉት ጠጅ ቤቶችም አምባር አይተው ነው የሚቀዱት፤ ለአረንጓዴ ሙሉ ብርሌ፣ ለቢጫ ግማሽ፣ ለቀይ ብርዝ። ቀይ የሆነ ልጅ ጓደኞቹ መሐል ብርዝ ይዞ ሲቀመጥ መጀመሪያ ሰሞን ይሳቅበት ነበር። አሁን ማንም አይስቅም፤ መሳቅም አንቀጽ ስድስት ውስጥ ገብቷል።

በዋናው በር ላይ ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል። «በመጠጥ ምክንያት ተማሪ ካጣን ዛሬ 2,611ኛ ቀናችን» ይላል። ቁጥሩ በየማለዳው በአንድ ይጨምራል። ባሮክ በዚያ በር ባለፈ ቁጥር ቀና ብሎ ያነበዋል፤ ባርኔጣውን የሚያነሳበት ቀንም አለ።

ባሮክ የአሥራ አራተኛው ሕንፃ ፕሮክተር ነው። ዕድሜው ሃምሳ ስምንት ነው፤ ሚስቱን ከፈታ ቆይቷል፣ ልጅ የለውም። ተማሪዎቹ በፊቱ «ጋሽ ባሮክ» ይሉታል፤ ከኋላው ግን «ቱቦ» ነው የሚሉት። ያውቃል፤ አይከፋውም። ቀኑን በሩ አጠገብ ተቀምጦ ይውልና ማምሻውን የዕለት ማስታወሻ ይጽፋል፤ ማን ምሳ ሳይበላ ዋለ፣ ማን ከፍቅረኛው ጋር ተጣላ፣ ማን ምን አለ። ማስታወሻው ወዴት እንደሚሄድ ጠይቆ አያውቅም። በሥራው የሚታማ ሰው አይደለም።

ለታማኝነቱ ምክንያት አለው። ሰሌዳው ከመሰቀሉ በፊት ክፍል 208 ውስጥ ሱራፌል የሚባል የሁለተኛ ዓመት ልጅ ይኖር ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአጎቱ ልጅ «አባትህ ጥሎን ሄደ» ብላ በስልክ ጻፈችለት። ሱራፌል ከጀርባ በር ሁለት ጠርሙስ አረቄ ገዝቶ መጣና በሩን ከውስጥ ቆለፈ። በማግስቱ በሩን ገንጥሎ የገባው ባሮክ ነው። ልጁ ጫማውን አውልቆ፣ ጎን ለጎን አስተካክሎ ነበር የተኛው። ዩኒቨርሲቲው ሠራተኞቹን ሰብስቦ «እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደገም ምን ይደረግ?» ሲል እጁን ያወጣው ባሮክ ነበር። «መርዶ በየሜዳው አይወርወር፤ የሚጠብቀው ይኑረው» አለ። ተጨበጨበለት።

ከዚያ ንግግር የተወለደው ክፍል በወረቀት ላይ «የአሳዛኝ መረጃ አያያዝ ክፍል» ይባላል። የግቢው ሰው ግን መርዶ ማቆያ ነው የሚለው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ድሮም ቢሆን ተማሪ ልጅ ዘመድ ሲሞትበት «ፈተናውን ይጨርስ» ተብሎ ይደበቃል፤ ቤተሰቡ እንባውን ጠርጎ በስልክ ይስቅለታል። ዩኒቨርሲቲው ያደረገው ልማዱን ወግ ማስያዝ ብቻ ነው። ዘመድ ይፈርማል፣ መርዶው ይቆያል፣ የልጁ የመጠጥ ስጋት ሲወርድ ይነገረዋል። እስከዚያው ሟቹ እንዳይናፍቀው ድልድይ ይዘረጋለታል። ድልድይ ማለት በማሽን የተሠራ የሟቹ ድምፅ ነው።

ይልቃል የሦስተኛ ዓመት የመንገድ ምሕንድስና ተማሪ ነው፤ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ሲስቅ የፊት ጥርሱ መጉደሉን በእጁ የሚሸፍን። ጥርሱን ያጣው ሁለተኛ ዓመት ላይ አረቄ ጠጥቶ ቦይ ውስጥ ወድቆ ነው። ያኔ እናቱ ሜላት ከምትኖርበት ከዋርካ በር ድረስ መጥታ «ልጄን አትርፉልኝ» እያለች የቀረበላትን ወረቀት ሁሉ ፈረመች። ከወረቀቶቹ አንዱ ከልጇ ጋር በስልክ የምታወራው ሁሉ ለድጋፍ ሥራ እንዲቀዳ ይፈቅዳል። ባሏ ጥሏት ልጇን ብቻዋን ያሳደገች ሴት ነበረች። ማታ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ትደውላለች፤ ምስል አትወድም። «ልጄን ልስማው እንጂ ፊቴን ምን ያደርግልኛል» ትል ነበር።

ኅዳር ዘጠኝ ቀን ልቧ ቀጥ ብሎ ሞተች። በማግስቱ ለባሮክ ወረቀት ደረሰው፤ ይልቃል፣ ክፍል 311፣ እናት፣ መርዶው ይቆይ ይላል። የፈረመው የሟች ወንድም ኢዮስያስ ነው። ባሮክ እንደ ሁልጊዜው ምስጢር እንደሚጠብቅ ፈርሞ መለሰ። በዚያው ዕለት ማታ አንድ ሰዓት ላይ የይልቃል ስልክ ጠራ።

ልጁ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሲያወራ ባሮክ ከወንበሩ ሆኖ ይሰማዋል። «በልቻለሁ እማ... አዎ ሹራቤን ለብሻለሁ... ኧረ አልጠጣሁም!» መጀመሪያ ሰሞን ባሮክ ፊቱን ያዞር ነበር። እያደር ለመደው። ደግሞም ነገሩ ይሠራ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሜላት በሕይወት ሳለች ታለቅስበት፣ ትለምነው፣ ትረግመው ነበር፤ ልጁ እሺ ይላል፣ ቅዳሜ ይጠጣል። ድምፁ ግን አያለቅስም። መቼ ዝም እንደሚል፣ መቼ እንደሚያስቅ፣ መቼ «ዛሬ ማንን ልታገኝ ነው?» እንደሚል ያውቃል። ይልቃል ከኅዳር ወዲህ አንድ ጠብታ አልቀመሰም። እናቱ በቁሟ ያላስተወችውን ሞታ አስተወችው።

ሚያዝያ ውስጥ አንድ ቀን ልጁ መጥቶ ከባሮክ አጠገብ ተቀመጠ። አልሳቀም።

«ጋሼ፣ እማዬ ተቀይማኛለች» አለው።

«ምን አድርገሃት?»

«እኔ እንጃ። ድሮ ስልክ ስትዘጋ ‹ቅበረኝ› ሳትለኝ አትዘጋም ነበር። ምሳ እንዳልበላሁ ከሰማች ‹አፈር ስሆን ብላ› ነው። አሁን ከስንት ጊዜ ወዲህ አንድም ቀን አላለችኝም። ትመክረኛለች፣ ታጫውተኛለች፤ ግን እንግዳ ሆናብኛለች ጋሼ። አንጀቷ የቆረጠብኝ ይመስለኛል።»

«ሰው ሲያረጅ ልማዱን ይተዋል» አለ ባሮክ።

«አይ፣ በጥርሴ ጉዳይ ነው። ያኔ እዚህ ድረስ አስመጥቼ ሰው ፊት አዋርጃታለሁ። ሰኔ ላይ ሄጄ እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ሳልነግራት ነው የምሄደው፤ ድንገት በሩ ላይ ነው የምታየኝ።»

ባሮክ ነገሩ ወዲያው ገባው። ድምፁን የሠሩት ሰዎች ሐዘን እንዳያስታውስ ብለው ሞት የሚያነሳውን ቃል ሁሉ አውጥተውበታል። የእኛ አገር እናት ደግሞ ሞትን ሳታነሳ ልጇን ማቆላመጥ አይሆንላትም። ጥንቃቄያቸው ሴትየዋን ከልጇ ጆሮ ባዕድ አደረጋት።

ማታ ማስታወሻውን ሲጽፍ እጁ ተንቀጠቀጠ ቢባል ደስ ይል ነበር። አልተንቀጠቀጠም። እንደ ልማዱ በጥሩ እጅ ጽሑፉ ጻፈ፤ «ይልቃል፣ 311። እናቱ ቅበረኝና አፈር ስሆን ማለት ስለተወች የተቀየመችው መስሎት ከፍቶታል። ሰኔ ላይ ሳይናገር ወደ ቤቱ ለመሄድ አስቧል።» ላከውና ተኛ።

በማግስቱ ማታ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ግድም ይልቃል ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ።

«ጋሼ! ታርቃኛለች! ሦስት ጊዜ ቅበረኝ አለችኝ! ሦስት ጊዜ! ‹አፈር ስሆን ሰኔ ላይ እንዳትመጣ፣ መንገዱ ደህና አይደለም፣ ትምህርትህን ያዝ› አለችኝ።» ባሮክን አቅፎ ጉንጩን ሳመው። ጥርሱን መሸፈን እንኳ ረስቷል።

ልጁ ሮጦ ከወጣ በኋላ ባሮክ ከወንበሩ አልተነሳም። ልጁ እውነቱን የሚያይባት አንዲት ቀዳዳ ቀርታ ነበር፤ እሷንም በገዛ እጁ ደፈናት። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሲኖር እንደዚያ ምሽት ራሱን ጠልቶ አያውቅም።

የመርዶ ማቆያ ኃላፊዋ ዶክተር ሶልያና ትባላለች። አርባ አልሞላትም፤ ረጋ ያለች፣ ሰው ስታናግር ስልኳን ገልብጣ የምታስቀምጥ ጨዋ ሴት ናት። ባሮክ በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ቢሮዋ ገባ። ተነስታ ወንበር ሳበችለት።

«የይልቃልን ጉዳይ ነው» አላት። «አረንጓዴ ከሆነ ሃያ ሦስት ሳምንቱ ነው። ደንቡ ደግሞ ስጋቱ ሲወርድ ይነገረው ይላል።»

«ግሩም ልጅ ነው» አለች። «የእርስዎም ማስታወሻ በጣም ጠቅሞናል። ስለ አነጋገሯ የጻፉት ለሌሎቹም ተሠርቶበታል።»

«ለሌሎቹ?»

«ለእናቶቹ ሁሉ።»

ባሮክ ወደ መጣበት ጉዳይ ተመለሰ። «መቼ ነው የሚነገረው?»

«ጋሽ ባሮክ፣ አረንጓዴ የሆነው በድልድዩ ነው። ድልድዩ ቢነሳ ምን እንደሚሆን ተሰልቷል። ቀይ ነው፤ ያውም በመጀመሪያው ሳምንት። እንዴት ብለን እንንገረው?»

«ስለዚህ ሲጠጣ ይጠጣል ተብሎ አይነገረውም፤ ሲተው ደግሞ ትቶ ይኑር ተብሎ አይነገረውም።»

«እንደዚያ ሲሉት ክፉ ይመስላል» አለች፤ የምር ያዘነች ትመስል ነበር። «እስኪመረቅ እንጠብቃለን። ከዚያ መዝገቡ ወደሚቀጥረው መሥሪያ ቤት ይተላለፋል፤ እነሱ ያዩታል።»

«ስንት ናቸው እንዲህ ያሉት?»

«በግቢው ሁለት መቶ ሰባት። በእርስዎ ሕንፃ አሥራ አንድ።»

ባሮክ የፈረመው አራት ብቻ ነበር። የሰባቱን ማን እንደሚያውቅ አልጠየቀም፤ መልሱን ፈራ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለ።

«እያደር ነው የሚለው» አለች ፈገግ ብላ፤ «አይቸኩሉ።» በር ድረስ ሸኘችው። በሩ ላይ ቆም ብላ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ሱራፌልን ያገኙት እርስዎ ነዎት አይደል?» አለችው።

ያችን ዓረፍተ ነገር ይዞ አንድ ሳምንት ሰነበተ። ቢነግረውና ልጁ ሄዶ አረቄ ውስጥ ቢሰጥምስ? በእጁ ላይ ሁለተኛ ልጅ ሊሞት ነው። ባይነግረውስ? ያ ልጅ ተመርቆ፣ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ማታ ማታ ለሌለች እናት ሲስቅ ሊኖር ነው። ባሮክ እንቅልፍ አጣ። እህል አስጠላው። በመጨረሻ፣ አንድ ቀን ማለዳ ፊቱን ሲታጠብ፣ ስለ ሱራፌል ለሰባት ዓመት ያላሰበው ነገር ታሰበው። ያን ልጅ የገደለው መርዶው አልነበረም፤ ብቻውን መስማቱ ነበር። መርዶ ድሮ በሰው ነበር የሚመጣው። ሽማግሌ ጎህ ሳይቀድ ይመጣል፣ ጎረቤት ተከትሎ ይገባል፣ ሐዘንተኛ ለአንድ ደቂቃ ለብቻው አይተውም። «የሚጠብቀው ይኑረው» ብሎ እጁን ሲያወጣ ባሮክ ልጁን ማለቱ ነበር። እነሱ መርዶውን ጠበቁ።

ከግቢው ወጥቶ ከአንድ ባለሱቅ ስልክ ተውሶ ለኢዮስያስ ደወለ።

«እኔማ ፈተናውን እስኪጨርስ ብለውኝ ነው የፈረምኩት!» አለ ኢዮስያስ፤ ማንነቱን እንደሰማ ነደደ። «ጥር ላይ ጨረሰ። ደወልኩ፣ ይቆይ አሉኝ። አርባዋ አለፈ፣ ሰማንያዋ አለፈ፣ ይኸው መንፈቋ ግንቦት ዘጠኝ ነው። አንድ ልጇ ሳያለቅስላት! አገሩ ምን ይለኛል? እሷስ ምን ትለኛለች?»

«ይምጡ» አለው ባሮክ። «ግንቦት ዘጠኝ ማለዳ። በሩን እኔ እከፍትልዎታለሁ። እንደ ወጉ እናረዳዋለን፤ ከዚያ ለብቻው አንተወውም።»

«እግዜር ይስጥዎ» አለ ኢዮስያስ። አለቀሰ።

ባሮክ ከግንቦት ዘጠኝ ጀምሮ የሦስት ቀን ፈቃድ ጠየቀ፤ አሞኛል አለ። የይልቃልን የክፍል ጓደኞች ቧንቧ ሊጠገን ነው ብሎ ለጊዜው ወደ ሌላ ክፍል አዛወራቸው። ከዚያ ከጀርባ በር ማዶ ወዳሉት አረቄ ሻጮች በየቤቱ ገባና በዚህ ሳምንት ጥርሱ ለተሰበረው ቀጭን ልጅ ምንም እንዳይሸጡለት ለመነ። አብዛኞቹ እሺ አሉት። አንዷ ግን አፍጥጣ እያየችው «ደግሞ የማን ሰው ሞተ?» አለች። ባሮክ ወደሚቀጥለው ቤት አለፈ።

ኢዮስያስ በአዳሩ አውቶቡስ ደረሰ። አጭር፣ ራሰ በራ፣ ጋቢ የለበሰ ሰው ነው። ሁለቱ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጡ። ገና አልነጋም ነበር። ባሮክ በሩን ቀስ አድርጎ አንኳኳ።

ይልቃል ዓይኑን እያሻሸ ከፈተ። መጀመሪያ አጎቱን አየ፤ ከአጎቱ ትከሻ በላይ ባሮክን አየ። ጎህ ሳይቀድ ሁለት ትልልቅ ሰዎች በር ላይ ሲቆሙ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የአገራችን ልጅ የለም።

«ማን ነው?» አለ።

«እንቀመጥ ልጄ» አለ ኢዮስያስ።

«ማን ነው አልኩ!»

«እናትህ ናት። እናትህ ዐርፋለች።»

«ትናንት ማታ እኮ አውርተናል» አለ ይልቃል። «ደህና ነበረች።»

«ኅዳር ዘጠኝ ነው ያረፈችው። ዛሬ መንፈቋ ነው። በእነዚህ እጆቼ ነው የቀበርኳት።»

ይልቃል ወደ ባሮክ ዞረ። ባሮክ ይህን ንግግር ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠናው አድሯል፤ አሁን ከአፉ የወጣው ግን ያጠናው አልነበረም። «ማታ ማታ የምትደውልልህ እናትህ አይደለችም፤ የግቢው ድምፅ ነው። እኔ ከመጀመሪያው አውቅ ነበር። ፈርሜ ነበር። ቅበረኝ ማለት ተወች ያልከኝን ጽፌ የላክሁትም እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ ልጄ። አሁን ግን እዚህ ነን፤ የትም አንሄድም።»

ልጁ አልጋው ላይ ቁጭ አለ። አምባሩ ቢጫ አበራ፤ ወዲያው ቀይ ሆነ፣ አንድ ጠብታ ሳይቀምስ። ኢዮስያስ ጋቢውን አጣፍቶ ከጎኑ ተጠጋ። ልጁ ጩኸቱን እስኪለቅ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቁ። ሐዘኑ አንድ ጊዜ በጩኸት ከወጣ ሌላው ይቀላል።

በዚያች ዝምታ መሐል ስልኩ ጠራ።

ሁልጊዜ የምትደውልለት ማታ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። በማለዳ ደውላ አታውቅም። ሦስቱም ስልኩን አዩት።

«አታንሳው» አለ ባሮክ።

ይልቃል አነሳው። ጣቱ ድምፅ ማጉያውን ነካ፤ አውቆ ይሁን ሳያውቅ ባሮክ አላወቀም።

«ይልቄ!» አለች። «ምነው ልጄ? ልቤ ፈራ፤ ሌሊቱን ሙሉ ስባንን አደርኩ። ምን ሆንክብኝ?»

ልጁ አጎቱን አየ።

«ማን አለ አጠገብህ?»

«አጎቴ መጥቶ ነው» አለ ይልቃል። ድምፁ የሰባት ዓመት ልጅ ድምፅ ሆኖ ወጣ።

«ቁንጮዬ? ቁንጮዬ መጥቶ ነው? እስቲ ስጠው።»

ኢዮስያስ አፉን በእጁ ያዘ። በልጅነቱ ግንባሩ ላይ ቁንጮ ነበረው፤ በዚያ ስም ከእሷ በቀር ማንም ጠርቶት አያውቅም። ስድስት ወር ሙሉ ማንም አልጠራውም።

«ቁንጮዬ፣ አለህ? ምነው ዝም አልከኝ?»

«አቶ ኢዮስያስ፣ እባክዎ» አለ ባሮክ።

ኢዮስያስ አልሰማውም። ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ከልጁ እጅ ስልኩን በሁለት እጁ ተቀበለ። «እታለም» አለ። «እታለም፣ ያን ማታ ደረቴን ወጋኝ ስትይኝ... ሲነጋ እንሄዳለን ያልኩሽ መኪና አጥቼ አልነበረም። ደክሞኝ ነው። ተኝቼ ነው እታለም።»

ጥቂት ዝም አለች። እህት ዝም የምትለውን ያህል ብቻ።

«ተወው እንግዲህ» አለች። «አንተስ ምን ታደርግ። እኔ አልተቀየምኩህም።»

ሰውዬው ተንሰቀሰቀ። የወጣው ልቅሶ ባሮክ ሲጠብቀው የነበረው ልቅሶ አልነበረም፤ ሸክም የወረደለት ሰው ልቅሶ ነበር። ልቅሶውን የሰሙ ሁለት ሦስት ተማሪዎች ከየክፍላቸው ብቅ አሉ። ከስልክ የእናት ድምፅ ሲሰሙ ተረጋግተው ተመለሱ።

ኢዮስያስ ፊቱን በጋቢው ጠርጎ ስልኩን ለልጁ መለሰ። ባሮክን አላየውም። የይልቃል አምባር ከቀይ ወደ ቢጫ ተመልሷል።

ይልቃል ስልኩን በመዳፉ ሸፈነና ቀና አለ። ዓይኑ ደረቅ ነበር።

«ሰምቻለሁ ጋሼ» አለ ዝቅ ብሎ። «አልተጠራጠርኩዎትም። የነገሩኝ እውነት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ነገ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ማን ይደውልልኛል?»

ባሮክ «እኔ አለሁ» ሊል ነበር። የተሰጠው ፈቃድ የሦስት ቀን ነው።

«ሰላም ይበሏት» አለ ልጁ፤ ስልኩን ዘረጋለት። «እርስዎ ዝም ካሉ እኔ አልችልም። እባክዎ ጋሼ።»

ባሮክ ለጩኸት ተዘጋጅቶ ነበር። ፊት ለመንጨት፣ ከግድግዳ ጋር ለመላተም፣ ለአረቄም ቢሆን ተዘጋጅቶ ነበር። ለዚህ አልተዘጋጀም። በክፍሉ ውስጥ ሴትየዋ ሞታለች የሚል ሰው እሱ ብቻ ቀርቷል፤ የቀበራት ሰው እንኳ ወለሉ ላይ ተቀምጦ እንባውን እየጠረገ ፈገግ ይላል። አምባሩ እንደገና ሊቀላ ጠርዙ ላይ ነው።

ባሮክ ስልኩን ተቀበለ።

«ጤና ይስጥልኝ ወይዘሮ ሜላት» አለ። «እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለችው። «እርስዎስ እንዴት አደሩ?»